ቀና ያላሉት ሴቶች

ባለፈው ሰሞን ደሴ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አውቶቡሳችን ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። ጣርማ በርን በጭጋግ ውስጥ፣ ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር ያለፍኩት። ደብረ ሲና ላይ የገዛሁትን ቆሎ እየቆረጠምኩ ቁልቁለቱ አለቀና ሙቀቱ ተቀበለን። ሮቢት ስንደርስ ሹራቡም ነጠላውም ጠላት ሆኑብኝ። ምግብም አላሰኘኝ፤ ማንጎ ከሚሸጥበት መደዳ አጠገብ ጥላ ፈልጌ ቆምኩ።

አንዲት ወጣት መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ያንሱን?» ከኋላዋ ጓደኞቿ ተቃቅፈው ቆመዋል። እኔ ደግሞ ፎቶ አንሺ ከተባልኩ የድሮ አመሌ ይነሳል። «አንቺ ረጅሟ፣ ወደ ኋላ! ጸሐዩ ዓይናችሁ ውስጥ እየገባ ነው፣ ወዲህ ዙሩ!» እያልኩ አተራመስኳቸው። «ኧረ እማማ፣ ዝም ብለው ይጫኑት!» አለችኝ ባለስልኳ እየሳቀች። ተጫንኩት። ሁሉም ቀና ብለው፣ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ሆኖ ወጡ። እንዲያ ሆነው ሳያቸው፣ ከዚያች ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጣትነቴ፣ ቀና በሉ እያልኩ የጮኽኩባቸው ሴቶች ትዝ አሉኝ።

የመጽሔት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። መጽሔት እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ሴት ፎቶ አንሺ ግን ብርቅ ነበር። የባለሥልጣን ቢሮ ገብቼ ካሜራዬን ሳስተካክል «ፎቶ አንሺው መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። «መጥቷል፤ ቀሚስ ለብሶ ነው» እላለሁ። በዚህ ምላሴ ስንት ሰው እንደተቀየመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ንዴቴ ቅርብ ነው። ዛሬም ቅርብ ነው፤ ልዩነቱ፣ ዛሬ ሰው ሽበቴን አይቶ ያልፈኛል።

ያነሳሁት ሰው ብዛቱ! ቦርጩ እንዳይታይ ትንፋሹን ውጦ የሚቆም ሚኒስትር፣ በግራ ጎኗ ካልሆነ አልነሳም የምትል ተዋናይት፣ ኳስ ተጫዋች፣ ደግሞም ሊስትሮ፣ ሸማኔ፣ ጉልት ቸርቻሪ። ዋና አዘጋጃችን አንድ ሕግ ነበረው። ታዋቂ ሰው ለብቻው አይነሳም። ሕዝብ መሀል፣ ካደገበት ቀዬ፣ ከእናቶችና ከጎረቤት ጋር መነሳት አለበት። አንባቢ ይህን ይወዳል ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ይወዳል። ስለዚህ ከሥራዬ ግማሹ ሰው መደርደር ነበር።

በዚያን ጊዜ ካሴቱ ያልገባበት ቤት ያልነበረ አንድ ዘፋኝ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በሕይወት አለ፣ ደግሞም ምንም አላደረገም። ሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ቀበሌ የወጣ ልጅ ነው። ከወጣ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም ነበርና ሊሄድ መሆኑን ሲሰማ አዘጋጁ ፈነጠዘ። ጽሑፉን ዘፋኙን እዚሁ አዲስ አበባ አነጋግረው ጨርሰውታል። «አንቺ ፎቶውን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ» ተባልኩና አንድ ቀን ቀድሜው ወረድኩ።

ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ተለቅሞ የሚነሳበት ወቅት ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ራሱን ደፍቷል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ጅራፍ ሲያጮሁ ከሩቅ ይሰማል። መንገዱ የመስኖ ቦይ ዳር ዳሩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ እየነከርኩ ሄድኩ። ነፋሱ ሲመጣ ያበርዳል ብለሽ ፊትሽን ስትሰጪው ከምድጃ የወጣ ይመስል ይለበልብሻል። ቀበሌዋ ስደርስ የድግስ ሽር ጉድ ላይ ናቸው። ፍየል ታርዷል፣ ሩዝ ይቀቀላል፣ እርጎው በቅል በቅል ተደርድሯል። ወንዶቹ ለነገው ዱአ ትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋሉ። እኔ ሴት ነኝና ማንም «ወዴት ነሽ?» ሳይለኝ ሴቶቹ ከሚሠሩበት ጓሮ ገባሁ።

እትዬ ዘሀራን ያገኘኋት እዚያ ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ ዛሬ ግን እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ በብዙ አልፌአለሁና እንደ ታናሽ እህቴ ላውራት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ሴት ናት። ሌሎቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ እሷ ብቻ ከጭስ የምታሸሸው አዲስ ቢጫ ሻርፕ ደርባለች። ካሜራዬን እንዳየች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች።

«አንቺ ነሽ ፎቶ አንሺዋ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ወንድ ከሆነ ምን ብዬ ነው የማናግረው እያልኩ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።» ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። «ይኼ መጽሔት የምትሉት ነገር አረብ አገር ይደርሳል?»

ይደርሳል አልኳት። እውነት ነው፣ ይደርስ ነበር። የሚሄድ ሰው በሻንጣው ይዞት ይሄዳል፤ ጅዳም ቤሩትም ያሉ ልጆች እየተቀባበሉ እስኪቀደድ ያነቡታል።

ልጇ ሰአዳ ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ ሄዳለች። በፊት በፊት ድምጿን በካሴት ቀድታ በሚመጣ ሰው ትልክ ነበር። እናቷም እዚህ ቀድታ ትልካለች። ከዚያ ከሮመዳን በፊት ጀምሮ ምንም የለም። ድምፅ የለም፣ ያያት ሰው የለም። እትዬ ዘሀራ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አስባበት ነበርና ተራ በተራ፣ እንደ ሽማግሌ ነበር ያስረዳችኝ።

«ሰአዳ የዚህን ልጅ ዘፈን ሳትሰማ አትተኛም ነበር። ፎቶው ያለበትን ነገር ዓይኗ ሳያርፍበት አያልፍም። ከሱ አጠገብ ካቆምሽኝ ታየኛለች። ካየችኝ ደግሞ አንጀቷ አይችልም፤ እንደምንም ብላ ድምጿን ትልካለች።» የሻርፑን ጫፍ ከፍ አደረገችው። «ይቺን የላከችልኝ እሷ ናት። መልኬ እንኳ ቢጠፋት በዚች ትለየኛለች።»

ምን እላለሁ? ፎቶ ለማስታወቂያ፣ ፎቶ ለምርጫ፣ ፎቶ ለኩራት ሲጠየቅ ኖሬአለሁ። እንዲህ ላለ ጉዳይ የጠየቀኝ እሷ ብቻ ናት። «እትዬ ዘሀራ፣ እኔ ራሴ ነኝ ከጎኑ የማቆምዎት» አልኳት።

ድስት ስታማስል የነበረች ጎረቤቷ፣ እትዬ ፋጡማ፣ ሰምታን ኖሮ ቀና አለች። «ዘሀራ፣ ይቅርብሽ እህቴ። መሀል ሜዳ መቆም ለኛ አያምርም።»

«ምን አባቱ! አብሮን ያደገ ልጅ አይደል እንዴ?»

«ይቅርብሽ ስልሽ።»

ይኸው ንዴቴ። «እርስዎ ካልፈለጉ አይቁሙ» አልኩ፤ «እሳቸውን ለምን ይከለክሏቸዋል?» ቀናችባት ብዬ ነበር የገመትኩት። እትዬ ፋጡማ አየችኝ። አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ከፈተች፤ ዘሀራን አየችና ዋጠችው። ተመልሳ ድስቷ ላይ አቀረቀረች።

ዘፋኙ በማግስቱ ረፋድ ላይ በመኪና መጣ። እልልታው፣ ማቀፉ፣ ማልቀሱ ብዙ ነው። ዱአው ተደረገ፣ ተበላ፣ የግመል ወተት ተጠጣ። ጸሐይዋ ጋደል ስትል እናቶችን ሰብስቤ ዛፉ ሥር ደረደርኩ። ዘፋኙን መሀል፣ እትዬ ዘሀራን በቀኙ፣ የቀሩትን ከኋላ። የቀበሌው ሽማግሌ ሼህ ይማም ይቁሙ ብላቸው በእጃቸው «ተይኝ» ብለውኝ ሄደው ከሩቅ ተቀመጡ። ሃይማኖታቸው ከልክሏቸው ነው ብዬ አለፍኩ። እኔ የማሾ ጭነት የነበረበት ጋሪ ላይ ወጣሁ።

በካሜራው ሳያቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚያዩኝ። ዘፋኙና እትዬ ዘሀራ። የቀሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

«እናቶች፣ ቀና በሉ!»

አንዷ ቀና ብላ ወዲያው ተመለሰች።

«ወዲህ እዩኝ! ለድግስ ነው እንጂ ለለቅሶ ነው እንዴ የቆማችሁት? ቀና በሉ እንጂ!»

ይህንን ቃል ተናግሬዋለሁ። ምን እንዳልኩ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ዘፋኙ ሳቀና «እኔን አፍረው ነው፣ ልቀቂያቸው» አለ። እትዬ ዘሀራም ዞር ብላ «ምን ሆናችሁ? ልጄ እኮ ነው የምታያችሁ!» አለቻቸው። ይህን ስትል እትዬ ፋጡማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰረች። ጸሐይዋ እየጠለቀችብኝ ነበር። እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ተመልሳ፣ ሻርፑን አስተካክላ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ሳቀች። አነሳሁ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አዘጋጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይኼ ነው! እያቸው እስቲ እነዚህን እናቶች፣ ጨዋነታቸውን!» እኔ በማጉያ መስታወት ሳየው አንድ ነገር ቅር አለኝ። እትዬ ፋጡማ ጉንጭ ላይ እንባ አለ። ላብ ነው እንዳልል ከዓይኗ ነው የሚነሳው። ለአዘጋጁ አሳየሁት፤ ይበልጥ ደስ አለው። ከፎቶው ሥር የይፋት እናቶች በሐፍረትና በደስታ እንባ ልጃቸውን እንደተቀበሉ ጻፈበት። ባለ ቀለም ሆኖ፣ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ። ሻርፑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔም ያንን ሻርፕ ባየሁ ቁጥር፣ ጅዳ ውስጥ አንዲት ልጅ ወጥ ቤት ቆማ ገጹን ስትገልጥ ይታየኝ ነበር።

ለእትዬ ዘሀራ በእጄ ልሰጣት ብዬ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቀርቷል። በቦይዋ ዳር ስደርስ፣ ከእትዬ ዘሀራ አጥር ውጪ እትዬ ፋጡማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ በሰፌድ የተከደነ ሳህን አለ። ስታየኝ አልተነሳችም።

«ዘግይተሻል» አለችኝ። «መጽሔቱን የመኪና ሰዎች ከከተማ አምጥተውላታል።»

«ታዲያ እንዴት ነች? ልጇ ድምፅ ላከች?»

እትዬ ፋጡማ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ነገረችኝ። ሰአዳ ሞታለች። ከምትሠራበት ቤት ፎቅ ወደቀች ተብሏል፤ እዚያው ቀብረዋታል። ወሬው ለቀበሌው የደረሰው ሮመዳን ሊገባ ሲል ነው። ሽማግሌዎች መከሩ። የምትጾምን ሴት በመርዶ አንጣላት፣ ዒድ ይለፍ ተባለ። ዒድ ሲያልፍ ማሾው ደረሰ፤ ባል የላት፣ ወንድ ልጅ የላት፣ ሳትለቅም ከቀረች ዓመቱን ምን ትበላለች ተባለ። ማሾው ሲነሳ ደግሞ እንግዳው ሊመጣ ነው ተባለ፤ እንግዳ እየተጠበቀ ለቅሶ አይነሳም። ሁሉም ሴቶች ሰምተዋል። አብረዋት ሲለቅሙ፣ አብረዋት ውሃ ሲቀዱ፣ ሰአዳ እንዲህ ብላኝ ነበር ስትላቸው፣ ሁሉንም በሆዳቸው ይዘው ነው የዋሉት።

ይህ እንግዲህ የእኛ ነገር ነው። ሌላ አገር ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል አሉ። እኛ ጋ መርዶ ጊዜ ይጠበቅለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፣ ማለዳ ተሰብስቦ ይኬዳል። ክፋት የለበትም። ጨካኝ ሰው አይደለም መርዶ የሚያቆየው።

«እንግዳው ከሄደ በኋላ በጠዋት ነገርናት» አለችኝ እትዬ ፋጡማ። «ወሬው የደረሰን ትናንት ነው አሏት ሼህ ይማም። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ምን ይባላል ሌላ? አለቀስን። እኔ እቅፌ ውስጥ ነበረች። እቅፌ ውስጥ ነበረች፣ ወላሂ! ከዚያ ያ መጽሔት መጣ።»

አጥሩን ገፍቼ ገባሁ።

እትዬ ዘሀራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ራሷን በጥቁር አስራለች። መጽሔቱ አጠገቧ ተከፍቶ ነበር። ሰላም ስላት ወደ ገጹ ጠቆመችኝና ጣቷን ከኋላ በቆሙት ሴቶች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች።

«ይቺ ታውቅ ነበር። ይቺም ታውቅ ነበር። ይቺ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ታውቅ ነበር። ፋጡማ ይኸው፣ እያለቀሰች ነው። ትናንት ሰማን አሉኝ እኮ! ትናንት የሰማ ሰው ያን ቀን ለምን ያለቅሳል?»

ጣቷ መጨረሻ ላይ ራሷ ላይ አረፈ። ቢጫው ሻርፕ ላይ፣ የጠፋው ዓይኗ ላይ።

«እቺን ሴት ታያታለሽ? ልጇ አፈር ውስጥ ሆና እሷ ትስቃለች።»

«እትዬ ዘሀራ፣ አላወቁም እኮ…»

«እኔ አላወቅሁም። የሚያየኝ ሰው ይህን ያውቃል? የሰአዳን ሞት የሰማ ሰው ጅዳ ውስጥ ይህን ሲያይ እናቷ ትስቃለች አይልም? ከዘፋኝ ጎን ቆማ፣ ልጇ የላከችላትን ለብሳ!» ክንዴን ያዘችኝ፤ ያኔ ጓሮ ውስጥ እንደያዘችኝ አይደለም፣ ሰመጥኩ እንደሚል ሰው ነበር። «እህቴ፣ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። መልሰሽ ሰብስቢልኝ። የትም ይሁን፣ አረብ አገርም ይሁን፣ ሰብስቢና አቃጥይልኝ። ዱአ አደርግልሻለሁ። ሰብስቢልኝ።»

አይቻልም አልኳት። እንዴት አድርጌ እንዳልኩት አላስታውስም፣ ብቻ አልኩት። መጽሔት አንዴ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ማንም አይመልሰውም። ስንቱ ቤት እንደገባ፣ ስንቱ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ፣ ስንቱ ሻንጣ ውስጥ ባሕር እንደተሻገረ እኔም አዘጋጁም አናውቅም። ክንዴን ለቀቀችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስወጣ እትዬ ፋጡማ ሳህኑን አንስታ ይዛዋለች። «ምግብ ልትቀምስልኝ ፈቀደች?» አለችኝ። አልጠየቅኋትም ነበር። እውነቱን ነገርኳት፤ «አልጠየቅኋትም» አልኩ። አንገቷን ነቀነቀችና ተመልሳ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። በየቀኑ እንዲህ እንደምትቀመጥ የነገረኝ ከተማ ድረስ የወሰደኝ ባለጋሪ ነው።

ብዙ ዓመት ስናደድ ኖሬአለሁ። ግን በማን ልናደድ? በሼህ ይማም? ጾመኛ እናት አዝነው ነው። በእትዬ ፋጡማ? እሷ እንደውም «ይቅርብሽ» ብላታለች፤ የገላመጥኳት እኔ ነኝ። በአዘጋጁ? ያየውን ነው የጻፈው። በዘፋኙ? የእናቱን አገር ሊስም ነው የመጣው። በካሜራው? ካሜራው የነበረውን ነው ያነሳው። አንድ ክፉ ሰው ባገኝ፣ አንገቱን ይዤ ብጮህበት፣ ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ደግ ነበሩ፤ አንዲት ሴት ደግሞ በዚያ ሁሉ ደግነት መሀል ልጇንም ጎረቤቶቿንም አጣች። ሌላ ሥራ የት አገኛለሁ ብዬ ቀጠልኩበት እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ደርድሬ ቀና በሉ ማለት ከአፌ አልወጣም። ፎቶ ትዝታን ያኖራል ሲሉ እሰማለሁ። ያኖራል። የሰውን ሳቅ ሰውየው በማይፈልገው ቀን ላይ ቸንክሮ ያኖራል።

ባለፈው ሰሞን፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ እስኪነፋ፣ ማንጎ የምትሸጠዋን ሴት ጠየቅኋት። ከዚያው ቀበሌ ሆና ተገኘች። እትዬ ዘሀራን ታውቂያታለሽ ወይ ስላት ማንጎውን መደርደሯን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ዘሀራ ሞተች እኮ፣ ቆየች። እኔ ልጅ ነበርኩ። ከሰው ሳትገጥም፣ ሳትታረቅ ነው የሞተች። ከኛ ቀበሌ ሴት እንዳታጥበኝ ብላ ተናዝዛ ነበር፤ ከታች ቀበሌ ሴቶች መጥተው ነው ያጠቧት።»

«እትዬ ፋጡማስ?»

«ፋጡማማ ያን ቀን ከቦይ ውሃ እየቀዳች በአጥሩ በኩል ስታቀብል ዋለች። ግቢ አሏት፤ ዘሀራ አልፈቀደችልኝም ብላ አልገባችም። እዚያው አጥሩ ሥር ቆማ፣ እንስራውን ስትሰጥ፣ ባዶውን ስትቀበል።» አንድ ማንጎ አንስታ ሰጠችኝ። «ዘመድሽ ናት?»

አይደለችም ማለት አቃተኝ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ማንጎውን ይዤ ገባሁ። የምሄደው ለለቅሶ ነበርና፣ ከሮቢት ጀምሮ እስከ ደሴ ሳለቅስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «አይዞዎት፣ ሟች ምንዎት ነው?» እያለ ሲያጽናናኝ ሄደ።